ሩት ማን ናት?

«ሰርቨሩ ፑሽ ከለከለኝ» ብሎ የጀመረ ሰው ቀጥሎ ምን እንደሚል ሳይነግረኝ አውቀዋለሁ። «ትናንት ይሠራ ነበር» ይላል። አስከትሎ «እኔ ምንም አልነካሁም» ይላል። የጋራ ጊት ሰርቨር ባለበት ቢሮ ሁሉ ምንም ያልነካ ሰው ሞልቷል። ሁሉም እጁን ኪሱ ከትቶ ቆሞ ሳለ ነው ሪፖው የሚበላሸው። እንዲህ ያለ ንጹሕ ሕዝብ በየትኛው ፍርድ ቤት ይገኛል?

ሰሞኑን የደወለልኝ አንድ ጎረምሳ ፕሮግራመር ነው። ቢሮውን አልጠራም። ሰርቨራቸው ግን ሥራ አስኪያጁ ጠረጴዛ ሥር ተቀምጦ አቧራ የሚጠጣ አሮጌ ዴስክቶፕ ነው፤ በክረምት እግራቸውን የሚያሞቁትም በእሱ ነው። ሄድኩላቸው።

«ምን አለህ?» አልኩት ልጁን።

«ኢንሰፊሸንት ፐርሚሽን አለኝ። ዕቃ ለመጨመር በቂ ፈቃድ የለህም ማለቱ ነው።»

«ተርጉምልኝ አላልኩህም። አንተስ ምን አልከው?»

«ሰርቨር ደግሞ ምን ይባላል?»

«ማን እንደሆንክ ይነገረዋላ! አንተ ማን ሆነህ እንደገባህ ሳታውቅ እሱ በምን ዕዳው ይፍቀድልህ?»

«እኔ ራሴን አሳምሬ አውቃለሁ።»

«እንግዲያውስ አይዲ በልና እንይህ።»

«መታወቂያዬ እጄ ላይ የለም፤ እድሳት ላይ ነው።»

ቀበሌውን ትቶ ኪቦርዱን እንዲጠይቅ ነገርኩት። አይዲ የምትባለው ትዕዛዝ ሰርቨሩ በምን ስምና በምን ቁጥር እንደሚያውቅህ፣ የየትኞቹ ግሩፖች አባል እንደሆንክ ትዘረግፋለች። ኤልኤስ ኤል ደግሞ ፋይሉ የማን እንደሆነና ለማን ምን እንደተፈቀደ ያወጣል። ከልካይና ተከልካይ ማን እንደሆኑ ሳይታወቅ የሚፈታ ጠብ የለም። ግን ማን ይሰማል? የኛ ሰው የስህተቱን መልዕክት ጎግል ላይ ይለጥፋል፣ መጀመሪያ ያገኘውን ትዕዛዝ ገልብጦ ሰርቨሩ ላይ ይለጥፋል፣ ከዚያ እጁን ኪሱ ይከታል።

ልጁ ኤልኤስ ኤል ሲል ከፋይሎቹ አንዳንዱ የእሱ፣ አንዳንዱ የባልደረባው፣ አብዛኛው ግን የሩት ሆኖ ተገኘ። ሥራ አስኪያጁ በትከሻችን ላይ አሻግረው ያዩ ነበርና ደነገጡ።

«ሩት ማን ናት? እኛ ጋ ሩት የምትባል ሠራተኛ የለችም።»

«አለች ጋሼ። ከእርስዎ በፊት የገባች ናት፤ ቁጥሯም ዜሮ ነው።»

«ዜሮ? እኔ እንኳ መጀመሪያ የተመዘገብኩት ሰውዬ 1000 ነኝ!»

«ለዚህ ነዋ እርስዎን የሚከለክለው እሷን የማይከለክላት።»

«ደመወዟን ማን ይከፍላል?»

«ደመወዝ አትጠይቅም። ያለ ቁልፍ ሁሉም ክፍል ትገባለች፤ የሠራችው ሁሉ ግን በስሟ ይመዘገባል። ጣጣው እዚያ ላይ ነው።»

ቶምፕሰንና ሪቺ ቤል ላብስ ውስጥ በ1969 እ.ኤ.አ. የጀመሩት ዩኒክስ እስከ ዛሬ ወራሾቹን የሚያስተዳድረው በዚህ ሥርዓት ነው፤ ቁጥሩ ዜሮ የሆነ የፋይል ፈቃድ አይጠየቅም። ጥያቄው እንግዲህ ሩትን ማን ጠራት የሚለው ነው። ክፍሉን በዓይኔ ዞርኩት። አንደኛው አቀርቅሮ ስልኩን ማየት ጀመረ።

«ጊትን በሱዶ የጠራኸው አንተ ነህ?»

«ያለ ሱዶ እምቢ አለኛ!»

«በሱዶስ?»

«ወዲያው ሄደልኝ።»

«ላንተ ሄደ፤ ለሌላው ቀረ።»

ነገሩ ይኸው ነው። በሱዶ የተጠራ ጊት የሚጽፋቸው ፋይሎችና የሚከፍታቸው ፎልደሮች ባለቤታቸው ሩት ትሆናለች። የሚቀጥለው ሰው በገዛ ስሙ ሲመጣ በሩ ተቆልፎ ይጠብቀዋል፤ እሱም ሱዶ ይላል፤ ሩትም ሌላ ፎልደር ትጨምራለች። ሰው ባይኖር እንኳ ሌሊት ሪፖውን እንዲያጸዳ በሩት ስም የተተከለ ክሮን ካለ፣ ያጸዳውን ሁሉ ወርሶ ያድራል። መድኃኒቱ ባለቤቱን መመለስ ነው።

«ቻውን በላቸው» አልኩት ልጁን።

«ፋይሎቹን ቻው ካልኳቸውማ ምን ላይ ልሠራ ነው?»

«ቻው የምትላት ሩትን ነው።»

«ትናንት ይሠራ ነበር» ያለው ግን እውነቱን ነው፤ በዚህ ላይ አልተርበውም። እዚህ ጋ የሚያሾፈው ጊት ራሱ ነው። ጊት የሚያስቀምጠውን እያንዳንዱን ነገር ከይዘቱ አስልቶ ረጅም የሄክሳዴሲማል ስም ያወጣለታል፤ ከዚያ በስሙ የመጀመሪያ ሁለት ቁምፊዎች ፎልደር ይከፍትለታል። ከ00 እስከ ኤፍኤፍ 256 ፎልደር ሊኖር ይችላል ማለት ነው። ፎልደሩን ቀድሞ የከፈተ ባለቤቱ ይሆናል። ለሌላው መጻፍ ካልተፈቀደ፣ የአንተ ኮሚት ስሌት እዚያ ፎልደር ላይ ሲጥልህ ትመለሳለህ፤ ራስህ የከፈትከው ላይ ወይም ገና ማንም ያልከፈተው ላይ ሲጥልህ ታልፋለህ። ከኮዱ አንዲት ነጥብ ብትቀይር ስሙ በሙሉ ይለወጣል፤ ዕጣህም አብሮ ይለወጣል። ሪፖው አዲስ ሳለ ፎልደሩ ባዶ ስለሆነ ሁሉም እየዘፈነ ያልፋል። ጠቡ የሚጀምረው ቤቱ ሲሞላ ነው። ጠዋት ያለፈው ከሰዓት የሚከለከለውም፣ ያኛው ተከልክሎ ይኸኛው የሚያልፈውም በዚህ ነው።

«እኔ እኮ ኮሜንቱን ቀይሬ ስሞክር ሄዶልኛል» አለች አንዷ።

«አምንሻለሁ እህቴ።»

«ታዲያ መፍትሔው እሱ አይደል?»

«ሎተሪም መፍትሔ ነው፤ ከወጣልሽ።»

ይህን ስናወራ ከጥግ ጆሮውን ተክሎ የቆየው ሰውዬ ተነሳ። በየቢሮው እንዲህ ያለ አንድ አይጠፋም። ችግሩን ሳይሰማ መልሱ ተዘጋጅቶለት የሚመጣ ነው።

«777 ብትሰጡትስ?»

«ምን ማለት ነው እሱ?»

«ሁሉም ይችላል ማለት ነው።»

«ምኑን?»

«ሁሉንም።»

«ማን ማን?»

«ሁሉም አልኩህ እኮ!»

«እንግዲያው ፓስወርድህን ጠቅልለህ ጣለው፤ ለማን ብለህ ነው የምትደብቀው?»

ማንበብ 4 ነው፣ መጻፍ 2፣ ማስኬድ 1፤ ድምሩ 7። የመጀመሪያው አኃዝ የባለቤቱ፣ ሁለተኛው የግሩፑ፣ ሦስተኛው የተቀረው ዓለም ነው። 777 ማለት እንግዲህ ባለቤትም፣ ባልደረባም፣ በሰርቨሩ ላይ የሚሮጥ ማንኛውም ፕሮግራምም የፈለገውን ያድርግ ማለት ነው። ኮዱን የሚጠብቅ ሰርቨር ሠርቶ ጥበቃውን አሰናብቶ መተኛት።

ሰውዬው ከዚህ ቀደም ሌላ ቦታ ሲሠራ ያደረገውን ባልሰማ ኖሮ ዝም እለው ነበር። ለአንድ ሪፖ ብሎ ሆም ፎልደሩን፣ ከነልጅ ልጁ፣ 777 አለው። ኤስኤስኤች ደግሞ እንደሌላው ለሁሉም የሚስቅ አይደለም። ቁልፍህ የተመዘገበበትን ፋይል ወይም የያዘውን ፎልደር ወይም ሆምህን ሌላ ሰው ሊጽፍበት የሚችል ሆኖ ካገኘው፣ «ይህን ማን እንደጻፈው በምን አውቃለሁ?» ብሎ ቁልፉን ችላ ይለዋል። በእጅህ ያለውን የግል ቁልፍም ቢሆን ማንም የሚያነበው ካደረግከው «ፈቃዱ ተዝረክርኳል» ብሎ አይነካውም። ሰውዬው ለሁሉም በከፈተው በር ራሱ መግባት አቃተው። ሰርቨሩ ዘንድ በአካል ሄዶ ደግሞ፣ ሲናደድ፣ ከሥሩ ጀምሮ 777 አለው። ሱዶ ብሎ ሊመልስ ሲል ሱዶም እምቢ አለው፤ የደንብ ፋይሉን ማንም ሊጽፍበት የሚችል ሆኖ ካገኘ አይሠራማ!

«ሁሉም ይችላል አላልክም ነበር?» አልኩት።

«ከእኔ በቀር» አለ።

እሺ፣ ያን ሁሉ አላደረገም፣ ሪፖውን ብቻ 777 አለው እንበል። ለጊዜው ይሠራል። የሚሠራው ግን እስከሚቀጥለው ፑሽ ነው፤ ነገ የሚፈጠረው ፋይል የዛሬውን 777 አይወርስም። አዲስ ፋይል ሲፈጠር ከ666፣ ፎልደር ሲፈጠር ከ777 ላይ ዩማስክ የሚባለው ይቀንሳል። በብዙ ሲስተም ዩማስክ 022 ነው፤ ፋይሉ 644፣ ፎልደሩ 755 ሆኖ ይወጣል። ባለቤት ይጽፋል፣ ባልደረባ ያያል። ስለዚህ የ777 ሰዎች ሥራ አያልቅም፤ ጠዋት ይሰጣሉ፣ ማታ ይሰጣሉ፣ ሲብስባቸው ክሮን ላይ ጽፈው በየሰዓቱ ያሰጣሉ።

የሥራ ፎልደራቸውንም አብረው 777 የሚሉ አሉ፤ እነሱ ጊት ስታተስ ሲሉ ያልነኩት ፋይል ሁሉ ተቀይሯል ይላቸዋል። ጊት ከፋይል ፈቃድ የሚመዘግበው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ይሮጣል ወይስ አይሮጥም፣ 755 ወይስ 644። ከ777 በኋላ ሪድሚ ሳይቀር የሚሮጥ ፕሮግራም ይሆናል። ያን ኮሚት እንድትገመግም የተሰጣት ልጅ «ሪድሚው ወዴት ነው የሚሮጠው?» አለችኝ። «ከሰውዬው እየሸሸ» አልኳት።

ሙድ በመያዝ ግን ሰርቨሩን የሚያህል የለም። የሰርቨሩ ኃላፊ፣ ቀጭን ጸጥተኛ ሰው፣ እስካሁን ዝም ብሎ ቆይቶ የልቡን ጠየቀኝ።

«ፋይሉ የእኔ ነው። ግሩፑም ውስጥ አለሁ። ለግሩፑ መጻፍ ተፈቅዷል። ለምንድን ነው የሚከለክለኝ?»

«ባለቤት ስለሆንክ።»

«ትቀልዳለህ?»

«እኔ አይደለሁም የምቀልደው።»

ሲስተሙ መጀመሪያ «ባለቤቱ ነህ?» ብሎ ይጠይቃል። ነኝ ካልክ የባለቤቱን ድርሻ ብቻ አይቶ ይፈርዳል፤ ወደ ግሩፑ አይሻገርም። ካልሆንክ ግሩፑን ያያል፤ እዚያም ከሌለህ የተቀረውን ዓለም ድርሻ ይሰጥሃል። ስለዚህ 077 የተባለ ፋይል አላፊ አግዳሚው ያነበዋል፣ ባለቤቱ አያነበውም። ሰው «ከባለቤቱ ያወቀ» ሲባል ተረት ይመስለዋል፤ ዩኒክስ ደንብ አድርጎታል። መጽናኛው፣ ፈቃዱን የመቀየር መብት ከባለቤቱ አይነጠቅም። ራሱን የከለከለ ራሱን ይማራል።

«ሪድ ኦንሊ አድርጌዋለሁ፣ ማንም አያጠፋውም» የሚሉትንም አንርሳ። ፋይል ማጥፋት የፋይሉ ጉዳይ አይደለም፤ የፎልደሩ ነው። ፎልደሩ ላይ መጻፍ የሚችል ሰው ማንበብ እንኳ ያልተፈቀደለትን ፋይል ይሰርዛል። በተቃራኒው ደግሞ ጊት ያስቀመጣቸውን ዕቃዎች 444 ሆነው አይቶ «ያዝኩት! መጻፍ ተከልክሏል!» የሚል መርማሪ አለ። ጌታዬ፣ እነዚያ አንዴ ከተጻፉ እንዳይነኩ ተብለው ነው እንዲህ የተቀመጡት። አንተ መጻፍ ያለብህ ፎልደሩ ላይ ነው፤ ፋይሎቹን እረፍት ስጣቸው።

«ክርክሩ ይብቃና አስተካክሉልኝ» አሉ ሥራ አስኪያጁ።

ኃላፊው አንድ ግሩፕ ፈጥሮ ልጁን ጨመረው።

«በምን ጨመርከው?»

«በዩዘርሞድ፣ ትልቁን ጂ ጽፌ።»

«ትንሿን ኤ አብረህ አልጻፍካትም?»

«እሷ ምን ታደርጋለች?»

«እሷ ከሌለች አዲሱን ግሩፕ ትሰጠውና በተጨማሪነት የነበረበትን ሁሉ ትነጥቀዋለህ።»

ለካ ልጁ ከሱዶ ግሩፕም ወጥቷል። ሥራ አስኪያጁ «ይኼ እንኳን ጥሩ ስህተት ነው፤ እንዳትነካው» አሉ። እኔም በልቤ ፈረምኩላቸው።

ልጁ ሞከረ፤ አሁንም ተከለከለ። የግሩፕ አባልነት የሚነበበው ወደ ሲስተሙ ስትገባ ነው፤ ገብቶ የተቀመጠ ሰው ዝርዝሩ ቢታደስም የሚይዘው የድሮውን ነው።

«ወጥተህ ግባ» አልኩት።

ተነስቶ ከቢሮው ወጣ፤ ኮሪደሩን ዞሮ ተመልሶ ገባ።

«ከሰርቨሩ ነው ያልኩህ።»

አባልነት ብቻውን ግን አይበቃም። ልጁ የሚፈጥረው ፋይል በራሱ ዋና ግሩፕ ስም ስለሚመዘገብ ባልደረቦቹ ዞሮ ዞሮ ውጭ ይቀራሉ። ሴትጂአይዲ የምትባል ቢት ያለችው ለዚህ ነው። የእድር ድንኳን ማን ተሸክሞ አመጣው አይባልም፤ የእድሩ ነው። ፎልደር ላይ ሴትጂአይዲን ከለጠፍክ እዚያ ውስጥ ማንም ምንም ይፍጠር፣ የፎልደሩ ግሩፕ ንብረት ይሆናል፤ አዲስ ንዑስ ፎልደርም ቢቷን ይወርሳል። 775 የነበረው 2775 ይባላል፣ በኤልኤስ ላይም ኤስ የምትል ፊደል ብቅ ትላለች። የዚህችን ቢት ታላቅ እህት፣ ሴትዩአይዲን፣ ዴኒስ ሪቺ በፓተንት አስመዝግቧታል፤ የጸደቀላት በ1979 ነው። ፎልደር ላይ የምትቀመጠዋን ታናሽ ግን ሰው ዘንግቷት ይኖራል።

ሁለተኛው ጊትን ራሱን መንገር ነው። ኮር ሼርድ ሪፖዚተሪ የሚለውን መቼት ግሩፕ ካልከው፣ የእያንዳንዱ ሠራተኛ ዩማስክ ምንም ቢሆን የሚጽፈውን ሁሉ ግሩፑ እንዲጽፍበት አድርጎ ያስቀምጣል። ሪፖውን ገና ስትፈጥረው ሼርድ ብትል ደግሞ ይህን ሁሉ ያዘጋጃል፤ በላዩም ላይ የሌላውን ታሪክ በጉልበት ደምስሶ የሚገፋውን ይከለክላል። መቼቱ የሚገዛው ግን የሚመጣውን ነው። የተከመረውን አሮጌ ፋይል አንተ ራስህ አንድ ጊዜ ግሩፑን ቀይረህ፣ ፎልደሮቹን ብቻ ለይተህ ቢቷን ሰጥተህ ማስተካከል አለብህ። «መቼቱን ቀይሬ ምንም አልመጣም» የሚሉት ይቺን ስለሚዘሏት ነው።

«በሲቪኤስ ጊዜ እንዲህ አልነበረም» አለ ኃላፊው በትካዜ።

«በሲቪኤስ ጊዜማ ለማንበብ የመጣ ሰው የመጻፍ ፈቃድ ይጠየቅ ነበር፤ ሎክ ፋይሉን እዚያው ሪፖው ውስጥ ስለሚተክል። ናፈቀህ?»

«ተወው።»

ዋናው ጉድ የወጣው ከኔትወርኩ ነው። ሰዎቹ ለካ አንዳንዴ በኤስኤስኤች ይገፋሉ፣ አንዳንዴ ደግሞ ሪፖውን በኤንኤፍኤስ ላፕቶፓቸው ላይ ጠልፈው እዚያው ይጽፋሉ። ኤልኤስ ኤል ስል ሌሊት ስድስት ሰዓት ላይ የተጻፈ ፋይል በሥራ አስኪያጁ ስም አገኘሁ።

«ጋሼ፣ ኮድ ይጽፋሉ እንዴ?»

«እኔ? ኤክሴልም በስንት መከራ!»

ኤንኤፍኤስ በተለመደው አሠራሩ ስም አያውቅም፤ ደንበኛው የላከለትን ቁጥር ያምናል። ኡቡንቱ ላፕቶፕ ላይ መጀመሪያ የተፈጠረው ሰው 1000 ነው። ሁሉም በየላፕቶፑ የመጀመሪያ ነው። ሰርቨሩ ላይ ደግሞ 1000 ማለት ጋሼ ናቸው። ስለዚህ ቢሮው በሙሉ ላፕቶፑን በከፈተ ቁጥር ሥራ አስኪያጅ ይሆናል።

«ለካ እኔ ነኝ ይህን ሁሉ የማበላሸው!» አሉ።

«እርስዎ እንኳ ምንም አልነኩም ጋሼ፤ የነኩት በስምዎ ነው።»

አንዱ ከላፕቶፑ በሱዶ ሊያስተካክል ሞከረ። ኤንኤፍኤስ በባሕርይው ከሩቅ የመጣችን ሩት ገፍቶ ኖባዲ ያደርጋታል፤ ቁጥሯም ከዜሮ ወደ 65534 ይወርዳል። ቅድም ሁሉም ክፍል ትገባ የነበረችው ሴትዮ በኔትወርክ ስትመጣ ማንም አይደለችም። በነገራችን ላይ ይኸው ፕሮቶኮል የሚሸከመው 16 ግሩፕ ብቻ ነው፤ 17ኛው ማኅበር ላይ ያለህ ፈቃድ በመንገድ ይቀራል። እኔ የፈረድኩት እንዲህ ነው፤ በኤንኤፍኤስ ሪፖ ላይ መጻፍ ይቅር፣ ሁሉም በኤስኤስኤች ይግፋ።

«በሳምባስ?» አለ የ777ቱ ሰውዬ። ተስፋ አይቆርጥም።

ሳምባን ካነሳህማ ሌላ ጨዋታ አለ። ሳምባን የጀመረው አውስትራሊያዊው አንድሩ ትሪጅል ነው። የሊነክስ ከርነል ከ2002 ጀምሮ ቢትኪፐር በሚባል የግል ድርጅት ሶፍትዌር ላይ ነበር፤ ነፃ ፈቃድ ተሰጥቷቸው። ትሪጅል የቢትኪፐርን ፕሮቶኮል ፈልፍሎ አወቀው። እንዴት ቢሉት፣ ሰርቨሩ ጋ በቴልኔት ገብቶ «ሄልፕ» ብሎ እንደጻፈለት፣ ሰርቨሩም ትዕዛዞቹን እንደዘረዘረለት በ2005 ካንቤራ ውስጥ በሕዝብ ፊት አሳየ። ባለቤቶቹ ግን ከዚያ ማሳያ በፊት፣ ፕሮቶኮሉ በመፈልፈሉ ተናደው፣ ነፃ ፈቃዱን አንስተው ነበር። ሊነስ ቶርቫልድስም በዚያው ወር፣ በሚያዝያ 2005 እ.ኤ.አ.፣ ተቀምጦ ጊትን ጻፈ፤ በቀናት ውስጥም ጊት የራሱን ኮድ ራሱ ላይ ማስቀመጥ ቻለ።

«አየህ» አልኩት ልጁን፣ «ጊት ራሱ የተወለደው ፈቃድ ተከልክሎ ነው። ሊነስ ግን 777 አላለም።»

ባለቤቱን ስናስተካክል ጊት አዲስ ነገር አመጣ፤ «በሪፖው ላይ አጠራጣሪ ባለቤትነት አለ» አለ። ሥራ አስኪያጁ ከወንበራቸው ተነሱ፤ የቦታ ክርክር መሰላቸው። ይህ ከሚያዝያ 2022 ጀምሮ የመጣ ጥንቃቄ ነው። ሌላ ሰው በጋራ ፎልደር ውስጥ ያስቀመጠው ሪፖ በመቼቱ በኩል ያንተን እጅ ተጠቅሞ ትዕዛዝ ሊያሠራ ስለሚችል፣ ጊት ባለቤቱ አንተ ያልሆንከውን ሪፖ ሳትፈቅድለት አይነካም። የሪፖውን አድራሻ ጠቅሰህ «ይህን አምናለሁ» ትለዋለህ። የ777ቱ ሰው ግን ፈጥኖ ኮከብ ምልክት ጻፈ።

«ኮከቧ ምንድን ናት?»

«ሁሉንም እመን ማለት ናት።»

«አንተ ሰው፣ ያለ ሁሉም ምንም አይሆንልህም?»

በመጨረሻ ፑሹ አለፈ። ፖስት ሪሲቭ የሚባለው ሁክ ግን ዝም አለ። የማስኬድ ፈቃድ ስላልነበረው ጊት አይቶት እንዳላየ አለፈው፤ 777 ሲታደል በዋለበት ቤት አንድ 1 የሚያስፈልገው ሁክ ሳይደርሰው ቀርቷል። ሰጠነው፤ ሠራ።

እውነቱን ከጠየቃችሁኝ ግን ከዚህ ሁሉ ግሩፕና ቢት የተሻለ መንገድ አለ፤ ታላላቆቹ የኮድ ማከማቻዎችም የሚሄዱበት ነው። ሰርቨሩ ላይ ጊት የሚባል አንድ ተጠቃሚ ይፈጠራል፣ ሪፖው በሙሉ የእሱ ይሆናል፣ ሁሉም በእሱ ስም ይገባል። ማን እንደሆነ የሚለየው በኤስኤስኤች ቁልፉ ነው፤ ቁልፉ አጠገብ የሚጻፈው ትዕዛዝም ከጊት ሥራ ውጭ ምንም እንዳይሠራ ያደርገዋል። ማን የትኛውን ሪፖ ያንብብ፣ ማን ይጻፍ የሚለውን ጊቶላይትን የመሰለ ፕሮግራም በአንድ መቼት ፋይል ይቆጣጠራል። ፋይል ሲስተሙ ላይ አንድ ባለቤት ብቻ ስላለ የሚጣላ የለም።

«ሁሉም አንድ ሰው ከሆነ ማን እንዳበላሸ በምን ይታወቃል?» አሉ ሥራ አስኪያጁ።

«በቁልፉ ጋሼ።»

«ኮሚቱ ላይ ያለው ስምስ?»

«እሱማ ሰው ራሱ የሚሞላው ነው፤ ደስ ካለኝ የእርስዎን ስም እጽፍበታለሁ።»

«ስሜ መከራውን አየ!» ብለው ተቀመጡ።

እናንተም እንዲህ ያለ ሰርቨር ካላችሁ ደውሉልኝ፤ እመጣለሁ። ከመደወላችሁ በፊት ግን አይዲና ኤልኤስ ኤል ያወጡትን፣ ከስህተቱ መልዕክት ጋር ሙሉውን ገልብጣችሁ በቴሌግራም ላኩልኝ። ጽሑፍ ነው፣ እንደ ጽሑፍ ይገለበጣል። የኮምፒውተሩን ስክሪን በስልክ ካሜራ ከጎን አንስታችሁ፣ ግማሹን በአውራ ጣታችሁ ጋርዳችሁ የምትልኩትን ፎቶ አላነበውም።